የድሬዳዋ ወተት ካርቶን የለውም

ስዊድን ልጅን መምታት በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥም። በዓለም የመጀመሪያዋ አገር እሷ ናት። ሕጉ እንደወጣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሳይመቱ ልጅ ስለማሳደግ የሚያወራ ትንሽ መጽሔት አሳትሞ ልጅ ላለበት ቤት ሁሉ ላከ። ከዚያ ደግሞ መልእክቱ ወተት ካርቶን ላይ ታተመ። ሁለት ወር ሙሉ ስዊድናዊው ቁርሱን ሲበላ ካርቶኑ ፊቱ ተገትሮ ነበር። አባት ያነባል፣ እናት ታነባለች። ፊደል የቆጠረው ልጅም ያነባል።

እኔ የወደድኩት ይሄን የመጨረሻውን ነው። ልጁም ያውቃል። ደግሞ በር ላይ የሚሰጧችሁን ወረቀት አጣጥፋችሁ ትጥሉታላችሁ፤ ወተቱን ግን አትጥሉትም። መድረክ ላይ ወጥቶ የጮኸባችሁ የለም። ቃል ግቡ ብሎ እጅ ያስወጣችሁም የለም።

ታዲያ እኛ ጋ ቢሆን ምን ላይ ይታተም? የድሬ ወተት ካርቶን የለውም። ከገጠር በጀሪካን ነው የሚመጣው፣ የላሙም የግመሉም። ሻጮቹ ሴቶች ጥላ ፈልገው ይደረደራሉ፣ በጣሳ ይሰፍራሉ፣ እኛ የሃይላንድ ጠርሙሳችንን ይዘን እንሄዳለን። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የውሃ ማስታወቂያ ነው።

ቀልድ ይመስላል እንጂ ጥያቄው የምር ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚነገረን ነገር ሁሌ የሚነገረው እኛ በሌለንበት ቦታ ነው። አዳራሽ ውስጥ፣ ባነር ላይ፣ ቲሸርት ላይ። እናት ያለችው ሌላ ቦታ ነው። አባትማ ጭራሽ ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ቤትን አልጠቀሰም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን መደብደብን፣ ማሠቃየትንና ችላ ብሎ መተውን ወንጀል ያደርጋል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ለማረም ተብሎ የሚወሰድ ተገቢ ቅጣትን ይተወዋል። ተገቢው የቱ ነው? እሱን የሚወስነው ማታ ደክሞ የገባው ሰው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስበት ስትደነግግ ቤትን አልለየችም።

ሕግ ብቻውን ሰው አይለውጥም ለሚሉኝ፣ እስማማለሁ። የስዊድኑ ሕግ ራሱ የቅጣት አንቀጽ የለውም። የታሰበው ሁሉም እንዲያውቀው ነበር። ደግሞ ሕጉ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው ሰዉ መለወጥ የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ልጅ ካልተመታ አይቀናም ባይ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን የሚለው ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ብቻ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በአንድ ቀን ሰልፍ መጨረስ እንፈልጋለን።

ስለ ሰልፍ ካነሳሁ አይቀር። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሶዌቶ ውስጥ በጥይት የተመቱትን ተማሪዎች ለማስታወስ ከ1991 ጀምሮ የሚከበር። ድሬ በሰኔ ምን እንደምትመስል ለማታውቁ፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ይግላል። አንድ ዓመት በዓሉን ቆሜ አየሁት። ሕፃናቱ የወረቀት ኮፍያ አድርገው ተሰልፈዋል። የክብር እንግዳው አልመጡም። ይጠበቃሉ። ኮፍያው በላብ ረጥቦ ግንባራቸው ላይ ተጣብቋል። ከፊት ያለችው ልጅ የያዘችው ወረቀት ላይ «ልጆችን በፍቅር እናሳድግ» ተጽፏል፤ እሷ ግን ወረቀቱን አዙራ ማራገቢያ አድርጋዋለች። መስመር የሚያስይዘው ሰው ደግሞ እጁ ላይ ቀጭን አርጩሜ ነበር። አልመታበትም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ልጆቹ ግን ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን አርጩሜዋ ላይ ነበር።

ቲሸርቶቹን በኋላ ጋራዥ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ጥጡ ጥሩ ስለሆነ ግራሶ ይጠርጋል።

አሁን በደንብ የሠራ ነገር ልንገራችሁ። ባነር አልነበረውም።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። እናቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረናል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ንፋሱ ግን አይደርሰንም። እህቴ ዓይኗ ጠልቋል። ልጁ ማታ ማታ ያለቅሳል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጥቷታል፦ ቁርጠት ነው፣ ብርድ ነው (በድሬ ብርድ!)፣ ሰው አይቶት ነው፣ ጡቷ ቀጥኖ ነው። የመጨረሻው ነበር በጣም የጎዳት።

ተራዋ ደርሶ ገባን። ነርሷ ልጁን መዘነችው፣ ካርዱ ላይ ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ማታ ያለቅሳል?»

«አቦ ተይኝ! ከመግሪብ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት። ወተቴ አልበቃው ብሎ መሰለኝ።»

«ኪሎው ጨምሯል እኮ፣ ተመልከቺ። ወተትሽ ይበቃዋል። አሁን የለቅሶው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ሁሉም ልጅ በዚህ ጊዜ ይብስበታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስት አራት ወር ሲሞላው ራስሽ ትገረሚያለሽ።»

እህቴ ዝም አለች። ነርሷ ቀጠለች።

«አንዳንዴ ደህና ልጅ ሆኖም ምንም ብታደርጊለት ዝም አይልም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከአቅምሽ በላይ ሲሆን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኚውና ውጪ። በር ላይ ቁሚ፣ ውሃ ጠጪ፣ ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ። ለቅሶ አይገድለውም። ይዞ መነቅነቅ ግን ይገድለዋል፣ አንገቱ ገና አልጠናም። ትኩሳት ካለው ወይ አልጠባም ካለ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ይዘሽው ነይ። ባልሽ የት አለ?»

«ውጪ። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጧል።»

«ጥሪው።»

ተጠራ። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ ገባ፣ የሴት ክፍል የገባ መስሎት አፍሯል። ነርሷ ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችለት። «ማታ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?» አለችው። ነገራት። «በቃ ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ያንተ ነው፤ አንተ ያዘው። ሲያቅትህ ግን ለእሷ ስጣት እንጂ አትነቅንቀው።» ሳቀ፣ እሺ አለ። ከኋላችን ያሉት እናቶች አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ነበር። አንዷማ መርፌውን ረስታ «የኔስ አምስት ወሩ ነው፣ አሁንም ያለቅሳል» ብላ ከበር ጮኸች።

ይሄ ሁሉ ክትባቱን ጨምሮ አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጊዜው እንዴት እንደገጠመ ልብ በሉ። የሕፃን ለቅሶ ከተወለደ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መጨመር ይጀምርና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ሕፃን ተነቅንቆ አንጎሉ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የለቅሶ ወቅት፣ ትዕግሥቱ ባለቀ ሰው እጅ ነው። የእኛ አገር የክትባት ሠሌዳ ደግሞ እናትን በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ያመጣታል። ማንም ለዚህ ብሎ አላቀደውም፤ እንዲሁ ገጠመ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይህንኑ ምክር ለእያንዳንዱ አዲስ ወላጅ፣ መጀመሪያ በማዋለጃ ክፍል ከዚያም ቤት ድረስ በሚመጡ ነርሶች፣ ለዓመታት ሲሰጡ ቆዩ። ተነቅንቀው ሆስፒታል የሚገቡት ሕፃናት ቁጥር በሲሶ ያህል ቀነሰ።

የነርሷን ምክር ከባነሩ የሚለየው ምንድነው? ባነሩ «አትምቱ» ይላል። እሷ «ውጪ፣ በር ላይ ቁሚ፣ ውሃ ጠጪ» አለች። ሰው ሲናደድ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ሥራ ካልሰጣችሁት የለመደውን ይሠራል።

የለመድነውን ደግሞ እናውቀዋለን። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ መንበርከክ፣ ቀበቶ፣ ሲብስ በርበሬ ማጠን። ጎረቤት ስናጠፋ ያየን እንደሆነ ይመታናል፣ ቤት ስንገባ ደግሞ «ምን አድርገህ ነው?» ተብሎ ይደገማል። ለአስተማሪ ሲሰጡን «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይባል ነበር፤ የቀረው አካላችን ለመንግሥት የተወረሰ ይመስል። «ተመትተን አደግን፣ ምን ሆንን?» የሚለውን ክርክር በየቡናው እሰማዋለሁ። እኔ አይዋጥልኝም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲያጥለቀልቅ የተረፍን ብዙ ነን። ጎርፉ አጠነከረን፣ ለልጆቻችንም ይምጣላቸው ሲል የሰማሁት ግን የለም።

ሌላው ዓለም ከእኛ የተሻለ ነው እያልኩ አይደለም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን የሚሆኑ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከአሥሩ ስድስቱ ማለት ነው፣ ቤታቸው ውስጥ ይመታሉ ወይም በቃል ይዋረዳሉ። የድሬ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሙቀቱ እናመካኝ ነበር።

መልካም አስተዳደግ የሚባለው ሥልጠና ውስጡ ሲታይ ብዙ ፍልስፍና የለውም። ከአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በማት ሳንደርስ ተጀምሮ ብዙ አገር የገባው ትሪፕል ፒ የሚባለው ፕሮግራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ለድሃ አገሮች በነፃ ያዘጋጀውም አለ፤ እሱ በደቡብ አፍሪካ ተሞክሯል። ሁለቱም ውስጥ የምታገኙት ተመሳሳይ ነው። በቀን ጥቂት ደቂቃ ልጁ በመረጠው ጨዋታ አብሮ መጫወት። ጥሩ ሲሠራ አይቶ መናገር። ትእዛዝን አሳጥሮ፣ የሚደረገውን ነገር ጠርቶ ማዘዝ። ሳይዝቱ፣ የተናገሩትን ግን መፈጸም።

ወደ ሰፈራችን ላምጣው። ማታ ኳስ የሚጫወት ልጅ አለ። እናቱ ከበር «ና ግባ!» ትላለች። አይሰማም። ሰባተኛው ጥሪ ላይ ጫማ ይወረወራል። ልጁ የተማረው ነገር ስድስቱ ጥሪ ውሸት እንደሆነ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ሌላ ዘዴ አመጣች፦ ወጥታ ቀርባ «ሁለት ጎል ከገባ በኋላ ትገባለህ» ትለዋለች። ሁለተኛው ሲገባ ራሷ እንደ ዳኛ ታፏጫለች። ልጆቹ ሁሉ ይስቃሉ፣ ልጇ ይገባል። (ጎል ሳይገባ ከመሸ የእናንተ ዕዳ ነው። በረኞቹ ጎበዝ የሆኑበት ማታ እስኪጨልም ቆማ አይቻታለሁ።)

ማመስገኑ ላይ ግን እንቸገራለን። ልጅን ፊት ለፊት ማድነቅ ያባልገዋል፣ ወይም ዓይን ያስገባበታል ብለን እንፈራለን። ከውጭ የመጣ ሥልጠና ይህን አያውቅም፤ «ልጅዎን በቀን አምስት ጊዜ ያድንቁ» ብሎ ያልፋል፣ እናት አንገቷን ነቅንቃ ትሄዳለች። ድሬ ላይ ግን መፍትሔው ድሮም አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «ማሻአላህ» ይላል። ዓይኑም ተከለከለ፣ ልጁም ተደነቀ። ከዚህ ላይ የቀረው ምን እንዳደረገ መንገር ብቻ ነው፦ «ማሻአላህ፣ ለእህትህ ውሃውን አንተ ቀዳህላት።» አሠልጣኞቹ አንድ ቀን ቡና ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ራሳቸው ያገኙት ነበር።

አሁን ወደ አባቶች። ሥልጠናው የሚጠራው ሴቶችን ነው። ሴቶቹም ይመጣሉ፣ አበል ካለ ደግሞ በጊዜ ይመጣሉ፣ አልወቅሳቸውም። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ የት ናቸው? በርጫ ላይ። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ ዓለም ሁሉ እየተስተካከለ ነው። የአሜሪካ ምርጫ ይነሳል፣ የአርሰናል አሰላለፍ ይነሳል፣ ልጅ አስተዳደግ አይነሳም። ማታ ደግሞ ምርቃናው የበረደበት አባት ቤት ሲገባ ኩባያ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ይበቃዋል። ይህን የምናውቅ ሁሉ እናውቀዋለን፤ ፖስተር ላይ ግን ተጽፎ አላየሁም። የጤና መልእክት ወንዶችን ማግኘት ከፈለገ በርጫው ላይ አንድ የሚከበር ሰው ይበቃዋል። የጁምዓ ኹጥባም አለ፣ የእሑድ ስብከትም አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ በትር ይናገራል ብሎ የሚከራከርን አባት የሚችለው ካህን እንጂ ማኅበራዊ ሠራተኛ አይደለም። ሬዲዮውም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይናገራል፣ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ቀኑን ሙሉ ይሰማዋል። ካርቶን ባይኖረንም ባጃጅ አለን።

ጥርጣሬዬንም ልናገር፤ ዘመቻ ሁሉ ይሠራል ብዬ አላምንም። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና በዕጣ ከተመረጡ 18 ወረዳዎች በግማሾቹ ትሪፕል ፒን አዳርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት በእነዚያ ወረዳዎች የተረጋገጠ የልጅ በደልም፣ ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳትም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰማ ሁሉ ገዛው። ስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ግን ተሞክሮ፣ በከተማው ደረጃ የሚታይ ለውጥ ሳያመጣ ቀረ። ፕሮግራሙ ያው ሆኖ ማለት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ልጅ ጋር ለሚያድር ሰው፣ ኪራይ ጨምር ተብሎ ለመጣ ሰው፣ ስለ ትዕግሥት ማስተማር ብቻውን ስድብ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል ሰባት ስልቶችን ሲያወጣ ወላጅን መደገፍ ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው። የቤተሰብ ገቢን ማሻሻልም እዚያው ውስጥ አለ። ዘመቻችን አንዱን ብቻ መርጦ ቲሸርት ያሳትማል፣ እሱ ርካሽ ስለሆነ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይከነክነኛል። ዘመቻው ሁሉ «ወላጆች» ብሎ ነው የሚጀምረው። ወላጇ አጠገቧ ለሌላት ልጅ ማን ይናገራል? ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትኖረው፣ «የዘመድ ልጅ ናት» የምትባለው፣ ራሷ ልጅ ሆና ልጅ ያዘለችው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛ ግን በአዋጁ አልተሸፈነችም። ሳህን የሰበረው የቤቱ ልጅ ከሆነ ይቆጡታል። እሷ ከሆነች ትመታለች። ያቺው እናት፣ ሥልጠና የወሰደችው፣ የራሷን ልጅ መምታት ያቆመችው። ይህን ስጽፍ ሦስት ቤት በዓይኔ እየመጣ ነው፣ አንዱም ክፉ ሰው የሚኖርበት ቤት አይደለም።

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፣ የዕድሩ ነገር ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ቡና ላይ አንዲት እንዲህ ያለች ልጅ ስኒ ስታቀርብላቸው ሁሌ አንድ ጥያቄ ይጠይቋታል፤ አሠሪዋ እያለች፣ ሁላችንም እየሰማን። «ዛሬ ምን ተማርሽ የኔ ልጅ?» ልጅቷ ታቀረቅራለች። አሠሪዋ ወሬ ትቀይራለች። በሚቀጥለው ቡናም ይጠይቋታል። አሠሪዋ አኩርፋ ለተወሰነ ጊዜ ቀረች፤ እሳቸው ቤቷ ድረስ ሄደው ቡና ጠጥተው እዚያም ጠየቋት። መስከረም ላይ ልጅቷ የማታ ትምህርት ገባች። አሁን እሳቸው ጥያቄያቸውን ይዘው ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ግቢ ዞረዋል። እዚያ ሁለት ልጆች አሉ ይላሉ።